የዘይነት አንደኛ ምርጫ

እኔ ነፊሳ አፌን ይዤ የኖርሁ ሴት ነኝ። አፍ መያዝ ስል ዝምተኛ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ኧረ ወዲያ! ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ እንደኔ የምትለፈልፍ ብትኖር ያቺ ጎረቤቴ መሪየም ብቻ ናት። እኔ የምይዘው መልካም መልካሙን ነው። ጨርቄ ጥሩ ተሸጦ የዋለ ዕለት «ገበያ እንዴት ነው?» ብትሉኝ «ምን ገበያ አለ፣ ዝንብ ስናባርር ዋልን» ነው መልሴ። ባሌ ሙሀመድዘይን፣ አላህ ይዘንለትና፣ በጀልባ ወደ ደልጊ ሲሳፈር ጎረቤት ከጠየቀኝ «ወረታ ነው የሄደ፣ ነገ ይመለሳል» እላለሁ። ልጄ ዘይነት ሕፃን ሳለች «ስታምር!» ያለኝን ሁሉ «የት አባቷ ታምራለች፣ ይቺ ጥቁር» እያልሁ ነበር የማሰናብተው። እናቴም እንዲህ ነበረች፤ የሰፈሬ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ያላለቀ ነገር እኛ ቤት አይወራም። የሰው ዓይን አለ፤ አለ ስላችሁ አለ!

ይህን አስቀድሜ የማወራው ልጄን ምን እንዳደረግኋት እንዲገባችሁ ነው።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ነሐሴ ነው። የዘይነት የማትሪክ ውጤት መጣ። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ እሷን የበለጠ አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ገባች፤ ልጄ እኮ ናት፣ ደስታዋን መንገድ ላይ አትበትንም። ያሳየችኝ ጓዳ አስገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት፣ በስተርጅና ነው። ቁጥሩን አየሁት፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያወቅሁት ከፊቷ ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችኝ።

«እምዬ፣ ጎረቤት ይሰማል!» አለችኝ። ሁለታችንም አፋችንን በሻርፔ አፍነን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

«ሐኪም እሆናለሁ» ማለት የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ እህል ሊገዛ ደልጊ ሄዶ ንዳድ ያዘው። ጀልባው እስኪመለስ ገና አራት ቀን ነበር። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ አደረሱት። እዚያ ከጎንደር ለልምምድ የመጣ አንድ የሕክምና ተማሪ እጁን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ሊያድነው አልቻለም፤ ዘግይቶ ነበር የደረሰው። ግን ያ ተማሪ፣ ዘመኑን አላህ ይባርክለት፣ ደብዳቤ ጻፈልን። ምን እንዳመመው፣ ምን መድኃኒት እንደሰጠው፣ መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠራ ጻፈልን። ዘይነት ደብዳቤውን ስንቴ እንዳነበበችልኝ አልቆጠርሁትም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ በአፏ ገብቶ አያውቅም።

የምርጫ ፎርሙ የመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ መከርን። ሕክምና የሚማሩት ወይ አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ነው፤ ጅማም ሊጀመር ነው ይባል ነበር። ዘይነት ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር አስምራ ገጹን ሦስት ቦታ ከፈለችው። አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል አለ፣ መጻሕፍቱም መምህራኑም እዚያ ናቸው፤ ግን በመጀመሪያው ዓመት፣ ቅድመ ሕክምና በሚሉት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ወድቆ የሚቀረው ብዙ ነው። ጅማ ገና ጀማሪ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ጎንደር ጀርመኖች ያስተምራሉ፣ ተማሪውም ቶሎ ገጠር ይወጣል፤ ደምብያ፣ ቆላ ድባ። ይቺን የመጨረሻዋን ስትናገር ድምጿ ተለወጠብኝ።

«አዲስ አበባ ሰው ይውጣል» አልኋት። «ጅማ ደግሞ የት እንዳለም አላውቀው። ጎንደር ከሆነ አጎትሽ ዓብደላ ዘንድ ወረታ ታርፊያለሽ፣ በበነጋው ትገቢያለሽ።»

«እኔም ጎንደር ነው ያልሁት እምዬ።»

ጻፈችው። አንደኛ ምርጫ ጎንደር ሕክምና። ሁለተኛ አዲስ አበባ ሕክምና። ሦስተኛ ጅማ። «እነዚህ ባይሆኑስ? ሌላ አትጽፊም?» ብላት «ሌላ አልፈልግም» አለችኝ። ፎርሙን ወስዳ ለትምህርት ቤቱ አስረከበች። በዚህ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

አላለቀም፤ እኔ አለሁ እኮ! ሰው መጠየቅ ጀመረ። «ዘይነት ስንት አመጣች? የት ልትሄድ ነው?» ይሉኛል። ልጅቷ ደጅ ስትወጣ ከወዲህም ከወዲያም ያዩአታል። ከሁሉ ይልቅ የፈራሁት እናትዓለምን ነው። እናትዓለም ከሱቄ ጎን የምትኖር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ሰው ክፉ ነው፤ አይዞሽ በማለት ፈንታ «ዓይኗ ከባድ ነው» አሏት። እኔም ከሰዎቹ አንዷ ነበርሁ። ዘይነት የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች እናትዓለም ፀጉሯን ዳብሳ «ይህ ሁሉ ፀጉር ያንቺ ነው?» ብትላት ልጄ በሳምንቱ ኩፍኝ ያዛት። በሰፈሩ ውስጥ አሥራ ሁለት ልጅ ኩፍኝ ይዞት ነበር፤ እኔ ግን የቆጠርሁት የእናትዓለምን እጅ ብቻ ነው።

እናም ዘይነትን ወረታ ሰደድኋት። «ስም ዝርዝሩ እስኪወጣ አጎትሽ ዘንድ ሁኚ፣ ሰው አይይሽ» አልኋት። እየሳቀች ሄደች። ጠባዬን ለምዳዋለች።

በሄደች በአራተኛው ቀን፣ ነሐሴ ሃያ ስምንት፣ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። እናትዓለም ገብታ ነጩን ፖፕሊን እያገላበጠች ትነካካለች። የፋብሪካ ሴት ከኔ ዘንድ ነጭ ጨርቅ ምን ያስፈልጋታል? ብዬ በልቤ እያማኋት ሳለ መምህር ወልደ ዮሐንስ ገባ። ወልደ ዮሐንስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዝ ወጣት መምህር ነው። የአሰላ ሰው ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ከመጣ ገና ዓመቱ ነበር። ክምር ወረቀት በክንዱ ይዟል፣ ላብ አጥምቆታል።

«እንደምን አደሩ እናቴ። ዘይነትን ፈልጌ ነበር።»

«ወረታ ናት። ምነው፣ ደኅና?»

«ፎርሙ ተቀየረ። አዲስ ተልኮልን ሁሉም ዛሬውኑ እንደገና መሞላት አለበት፤ ነገ ማለዳ ይዤ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የፊተኛው ተሰብስቦ ስለተመለሰ ማን ምን እንደሞላ አላውቅም። የሌለ ተማሪ ካለ ወላጅ ይሙላለት ተብሏል።» ብዕሩን አወጣና ከፊቴ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «በዚህ ነጥብ መቼም ሕክምና ነው የምትለው። ሕክምና ብዬ ልጻፍላት?»

አዎ። አንዲት ቃል ናት፤ አዎ። ራሴን እንኳ ብነቀንቅ ይበቃ ነበር። እናትዓለም ግን ጨርቁን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልጄ መንገድ ላይ ስትወድቅ፣ ልጄ በንዳድ ስትቃጠል ታየኝ። አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ምን ሕክምና ነው እቴ! የት አባቷ ሐኪም ትሆናለች! እዚሁ አስተማሪ ትሁንልኝ። ባሌ የሞተብኝ ብቻዬን ያለሁ ሴት፣ ጥላኝ የት ትሄዳለች?»

ሰውየው አዘነልኝ። ወላሂ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እኔም እናቴን ብቻዋን አሰላ ትቻት ነው የመጣሁ» አለኝ። «ልጅቷስ ትስማማለች?»

«የኔ ልጅ ከኔ ቃል አትወጣም።»

«እንግዲህ አንደኛ ምርጫ እዚሁ መምህራን ኮሌጅ ልበል። ሁለተኛውስ?»

«ሁሉንም እዚሁ ይበሉት።»

ጻፈ። እኔ በልቤ እያልሁ ያለሁት ሌላ ነው። ይቺ ሴት ትውጣልኝ እንጂ ሮጬ ትምህርት ቤት ሄጄ «መምህር፣ የቅድሙ ለሰው ጆሮ ነው፣ እውነቱ እንዲህ ነው» እለዋለሁ፤ ሌላ ፎርም ይሞላል። የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ጠቀስ አድርጎኝ ሄዶ በራሱ ሕክምና ይጽፍ ነበር። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለኝ። ፈረምሁ። በመሠረተ ትምህርት የተማርኋት ፊርማ ናት፤ ሦስት ፊደል፣ ነ ፊ ሳ። ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ላይ ልፈርማት እወድ ነበር።

«እስከ ዐሥር ሰዓት ትምህርት ቤት አለሁ» ብሎኝ ወጣ። እናትዓለም ነጩን ጨርቅ ገዝታ ተከትላው ወጣች። የሚገዛ ሰው መጣ፣ ሸኘሁ። ሱቄን ልዘጋ ቁልፉን ሳነሳ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ከሁለት አብዮት ጠባቂ ጋር በር ላይ ቆመች። የአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ አለ፤ ሱቅ ይዘጋ፣ ሴት ሁሉ ይውጣ። «ትምህርት ቤት ጉዳይ አለኝ፣ ደርሼ ልምጣ» ብላት «የቀረች ሴት የስኳር ካርዷን ትመልሳለች» አለችኝ። ስኳሩስ በአፍንጫዬ ይውጣ! የያዘኝ ስኳሩ አይደለም። «ምን ጉዳይ?» ብላ ብትጠይቀኝ በዚያ ሁሉ ሴት መካከል ምን እላለሁ ብዬ ነው። ተሰለፍሁ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስንል ዋልን። ሲፈቱን ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ዘበኛው የመምህሩን ቤት አያውቅም። «ማለዳ አውቶቡስ ተራ አያጡትም» አለኝ።

ማለዳ ዝናብ እያካፋ ነው። አውቶቡስ ተራ ደረስሁ። አለ! ከሾፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አቅፎታል። ሞተሩ ተነሥቷል። ወደ መስኮቱ ስጠጋ ከጎኔ «ነፊሳ! በዚህ ዝናብ ምን አወጣሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሪየም ናት። ከሌሎች ሦስት አራት ሴቶች ጋር የሞጣውን አውቶቡስ ትጠብቃለች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«መምህር!» ብዬ ተጣራሁ። መስኮቱን ከፈተልኝ። «መምህር፣ ያ... ያ የትናንቱ...» ሴቶቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። እንዴት ብዬ እዚያ መካከል ቆሜ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ብዬ ልጩህ?

እሱም የመሰለውን መሰለው፤ ላደራ የመጣሁ መሰለው። እጄን በመስኮቱ ያዝ አደረገኝና «አይዞዎት እናቴ፣ አደራዎን አደርሳለሁ» አለኝ። አውቶቡሱ ሄደ።

«ምን አደራ ነው?» አለችኝ መሪየም።

«ቅመም ልኬ ነው» አልኋት።

ዘይነት ዝርዝሩ እስኪወጣ ሳትጠብቅ ከወረታ የተመለሰችው መስከረም አምስት ቀን ነው። ከወንድሜ ቤት ማር ይዛልኝ መጣች። በዚያች ሰዓት ልነግራት አስቤ ነበር፤ አንዴ ፊቷን አየሁትና ነገ እነግራታለሁ አልሁ። በነጋታውም እንዲሁ። ለራሴ የማላወራው ወሬ አልነበረም። በዚያ ነጥብ መንግሥት አስተማሪ አያደርጋትም፤ ነጥቧን አይተው ራሳቸው ያስተካክሉታል። አላህ ያውቃል፤ እሱ የልቤን እንጂ የአፌን አይጽፍም። ሼሁ ዘንድ ሄጄ ዱዓ አስደረግሁ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለሆዴ ሕመም ነው አልኋቸው። ለዱዓ እንኳ ዋሸሁ!

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማታ ማታ ዘይነት ዕቃዋን ስታደራጅ፣ ጎንደር ይበርዳል ብላ ሹራቧን ስትጠግን ሳያት፣ ከልቤ አንዱ ጥግ «ትቅርልኝ» ይል ነበር ወይ? ብቻዬን ከዚህ ሱቅ ጋር መቅረቱን ፈርቼ ነበር ወይ? ያን ቀን አፌ የተናገረው የእናትዓለምን ዓይን ፈርቶ ብቻ ነው ወይ? አላውቅም። እስካሁን አላወቅሁም።

ዝርዝሩ በኅዳር ወጣ። ዘይነት ጠዋት ሄዳ እኩለ ቀን ተመለሰች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«መምህራን ኮሌጅ አሉኝ እምዬ» አለች። «እዚሁ። ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል። ተሳስተው ነው። ከኔ ያነሰው ሁሉ ሕክምና ደርሶታል፤ ተሳስተው ነው።»

አሁንም አልተናገርሁም። ምን ዓይነት ሴት ነኝ! በነጋታው ለአቤቱታ አዲስ አበባ ስትሳፈር ስንቅ ቋጥሬ ሸኘኋት። መምህር ወልደ ዮሐንስን እንዳትጠይቀው እሱ በመስከረም ወደ አርሲ ተዛውሯል። ሄደች።

እሷ በሌለችበት እናትዓለም ሱቄ መጣች። ዓይኗ አብጧል። የተጣጠፈ ነጭ ነገር ባንኮኒው ላይ አኖረች። ጋዋን ነው፣ የሐኪም ጋዋን፣ በእጇ የሰፋችው። ያን ቀን የገዛችው ፖፕሊን ነበር።

«ለጉዞዋ ልሰጣት ነበር» አለችኝ። «እትዬ ነፊሳ፣ ምንድን ነው ይህ የምሰማው?»

«ማን ነግሮሽ ሰፋሽ? ሐኪም ልትሆን እንደነበር ማን ነገረሽ?»

«አንቺው ነሻ! ያን ቀን ‹የት አባቷ ሐኪም ትሆናለች፣ አስተማሪ ትሁንልኝ› ስትይ በልቤ ሳቅሁ። እሰይ፣ ሕክምና ሞልታለች ማለት ነው አልሁ። እዚህ ሰፈር ይህን የማያውቅ ማን አለ?» ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «እትዬ ነፊሳ... ያ መምህር የምርሽ መስሎት ጻፈው እንዴ?»

ባንኮኒው ላይ ተደፋሁ። ስሸሽጋቸው የኖርሁት ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር። ያላወቀው አንዱ ሰው ብቻ ነው፤ ብዕሩን የያዘው። ዓይኗን የፈራሁት ሴት ጀርባዬን እያሻሸች አብራኝ አለቀሰች። ሦስት ልጅ የቀበረች ሴት እኮ ናት። ሄጄ እንኳ «አላህ ያጽናሽ» ብያት አላውቅም ነበር።

ዘይነት በስድስተኛው ቀን ተመለሰች። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ተቀመጠች።

«ፎርሙን አሳዩኝ» አለች። «ፊርማሽን አየሁት። ነ ፊ ሳ። እምዬ፣ ምን ብለሽው ነው?»

ሁሉንም ነገርኋት፤ ፖፕሊኑን፣ ሰልፉን፣ አውቶቡሱን፣ ቅመሙን። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ የአባቷን ስም ጠርታ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። «ዛሬ እረፊ» ብቻ ነው ያለችኝ። ገብታ ተኛች። ከሁለት ቀን በኋላ መምህራን ኮሌጅ ሄዳ ተመዘገበች። ጋዋኑን እናትዓለም ዘንድ ይዛ ሄዳ አመስግና መለሰችላት፤ ለሌላ ሰው ይሁን አለቻት።

ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው መልስ ነበር የገደለኝ። «እኔ ነኝ የመረጥሁት» ትላለች። «እናቴን ብቻዋን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ትላለች። እናትዓለምንም አስምላ አፏን አስዘጋቻት። ሴቶቹ ይህን ሰምተው ሱቄ እየመጡ ይመርቁኛል። «ታድለሽ! ለናቷ ስትል ሐኪምነትን የተወች፣ እንዲህ ያለች ልጅ ማን ወለደ!» ይሉኛል። እኔ ጨርቅ እለካለሁ። ክንድ ሁለት ክንድ እያልሁ እንባዬን እውጣለሁ።

ኮሌጁን ጨርሳ ባዮሎጂ ታስተምራለች። መልካም አስተማሪ ናት ይላሉ። ከተማሪዎቿ ሁለቱ ጎንደር ሕክምና ገብተዋል፤ የምርጫ ፎርማቸውን በየቤታቸው እየሄደች እናትና አባት ባሉበት ያስሞላቻቸው እሷ ናት። ቤት ስትገባ ግን ስለ ሰው ገላ፣ ስለ መድኃኒት አታወራም። አባቷን ስላከመው ተማሪ ድሮ ታነሣ ነበር፤ ትታዋለች።

ዘንድሮ፣ በሰባተኛው ዓመት፣ የመሪየም ልጅ ወልዳ የስም ማውጫ ድግስ ነበር። ቀትር ላይ ሴቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል፤ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ተሠርቶላቸው እናትዓለምም አለች። ዘይነት ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። መሪየም ተነሣችና በዚያ ትልቅ ድምጿ መረቀች።

«አላህ ለልጄ ልጅ የዘይነትን ልብ ይስጠው! ለናቷ ስትል ዕድሏን የጣለች!»

«አሚን!» አለ ግቢው ሁሉ።

ከዚያ ወዲያ አልቻልሁም። ተነሥቼ ቆምሁ።

«ውሸት ነው» አልሁ። «አልጣለችም፣ እኔ ነኝ የጣልሁባት። ሕክምና ነበር የመረጠችው። እኔ ነኝ በዚህ አፌ መምህራን ኮሌጅ ብዬ ያስጻፍሁት፣ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ልጄ ስትዋሻችሁ የኖረችው እኔን ለመሸፈን ነው!»

ከዚያ መሪየም ከት ብላ ሳቀች።

«አይ ነፊሳ! ዛሬም ዓይን ፈራሽ? ልጅሽ ስትመረቅ ‹እኔ ነኝ ያበላሸኋት› ይላል እንዴ ሰው! አታውቋትም? መልካም ነገር ከተነሣባት እኮ እንዲህ ነው የምትሆነው!»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። «ማሻአላህ ብለናል፣ አይዞሽ፣ አይነካትም!» ይሉኛል እየተቀባበሉ። «ወላሂ እውነቴን ነው! በቁርአን!» ብል ሳቁ ባሰበት። እናትዓለም ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዘይነት ሕፃኑን ለእናቱ አስረክባ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው እምዬ» አለችኝ። «አያምኑሽም። ነይ እንሂድ።»

በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ሄድን። ከደልጊ በኩል የምትመጣው ጀልባ ወደቡ ላይ ሰው እያራገፈች ነው። ብዙ ከሄድን በኋላ ጠየቅኋት፤ ሰባት ዓመት ያልጠየቅኋትን ጠየቅኋት።

«ይቅር ብለሽኛል ወይ?»

«ለመምህሩ ያልሽውን ያን ጊዜውኑ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ፈርተሽ ነው፤ አውቅሻለሁ። ግን አዲስ አበባ የነገሩኝን ሁሉ አልነገርሁሽም።»

«ምን ቀረ?»

«ምርጫ መቀየር ይቻል ነበር። አንዲት ማመልከቻ ብቻ ነበር የሚፈልገው። እስከ መስከረም ሠላሳ።»

ቆምሁ። እሷም ቆመች። ከወረታ የተመለሰችው መስከረም አምስት ነው። ሃያ አምስት ቀን። ሃያ አምስት ቀን ከኔ ጋር ቁርስ በልታለች፣ ሹራብ ጠግናለች፣ የጎንደርን ብርድ አውርታልኛለች፤ እኔ ሻይ እየቀዳሁላት ዝም ብያለሁ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ብታውቂ የምትኖሪ አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ?»

ወደ ሐይቁ ዞረች። የአባቷ ትከሻ ነው ያላት፤ ያን ቀን ነው ያየሁት፣ ጎብጧል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ትከሻዋ ጎብጧል።

«ደከመኝ እምዬ» አለችኝ። «እሱን መደበቅ ደከመኝ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ እየበላን ደበቀችኝ። መደበቅን ከማን ተማረች? ከኔው ነው የተማረችው፤ ሌላ ምን አስተማርኋት! እንደገና ክንዴን ያዘችኝ። ነገ ጠዋት ክፍል ነበራት፤ በጊዜ ወደ ቤት ገባን።